ፈንጠዝያ ሪዞርት ሽማግሌ ላከብኝ

ለዛሬ አጥቢያ ሕልም አየሁ። እራቴን ሽሮ ነው የበላሁት፣ ሌላ ነገር አልቀመስኩም፣ እንዳታሳብቡ።

ሕልሙን ከማውራቴ በፊት ግን ጣጣዬን ልንገራችሁ። ጥጋቡ እባላለሁ፣ ሞጆ መውጫው ላይ ጎሚስታ ነኝ። ትምህርትና እኔ አምስተኛ ክፍል ላይ ተጨባብጠን ተለያይተናል። ትርሲትን እወዳታለሁ፣ እሷም ትወደኛለች፣ ችግሩ አባቷ ናቸው። አቶ አሰግድ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬባቸው ሁለቴም መለሱብኝ። "ጎሚስታ ልጄን የት ያደርሳታል?" አሉ። ሰው የትም የሚደርሰው በጎማ አይደል እንዴ? ግን ይሄን ለሳቸው ማን ይንገራቸው!

ትርሲት ታዲያ ስልኳን አውጥታ የአንድ ሪዞርት ፎቶ አሳየችኝ። ፈንጠዝያ ሪዞርት ይባላል። መዋኛ አለው፣ ሸርተቴ አለው፣ ክብ ሠርተው የሚዞሩ የእንጨት ፈረሶች አሉት፣ መሀሉ ላይ ደግሞ ሰው ጭኖ ሰማይ ድረስ የሚዞር የጎማ ጌታ ቆሟል።

"ጫጉላችን እዚህ ነው ብንለው አባዬ አፉን ይይዛል" አለችኝ። "ግን ቦታውን ታውቀዋለህ?"

እኔ የታየኝ ጎማው ነው። ጎማ አላውቅም ልበል?

"እንደ ጓዳዬ ነዋ! ያንን ትልቁን ጎማ ማን የለጠፈው ይመስልሻል?"

አመነችኝ። ይባስ ብላ ለአባቷ ነገረች። ሁዳዴ ሊገባ አሥራ አምስት ቀን ቀርቶታል፤ አንዴ ከገባ ሰርግ የሚባል ነገር የለም። ዛሬ እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቼ ለሦስተኛና ለመጨረሻ ጊዜ ሊሄዱልኝ ነው፣ እኔ ደግሞ ፈንጠዝያ በመቂ ይኬድ በደብረ ብርሃን አላውቅም። በዚህ ጭንቀት ነው የተኛሁት።

እናላችሁ በሕልሜ የአቶ አሰግድ ሳሎን ውስጥ፣ ያ እሳቸው ብቻ የሚቀመጡበት ሶፋ ላይ ተንፈላስሻለሁ። እግሬን ጠረጴዛቸው ላይ ሰቅያለሁ፣ ጫማዬ ግሪስ በግሪስ ነው። አቶ አሰግድ የዘበኛ ካፖርት ለብሰው በር ላይ ቆመዋል።

"ጌታዬ፣ ሽማግሌ መጥቶብዎታል" አሉኝ።

በሕልም ነዋ፣ እሳቸው አንቱ ብለውኝ እኔ አንተ አልኳቸው። "አስገባቸው አሰግድ። እግራቸውን ይጥረጉ።"

ሦስት ሽማግሌዎች ገቡ። ፊት የመጣው የእንጨት ፈረስ ነው፤ ጋቢ ደርቦ፣ ከዘራ ይዞ፣ ጀርባው ላይ የተተከለው ብረት ኮርኒሱን እየጫረ። ሁለተኛዋ ያቺ ልጆች እየነዱ የሚጋጩባት ትንሽ መኪና ነች፤ ግድግዳውን ገጨች፣ ቡፌውን ገጨች፣ "ይቅርታ ልጄ፣ ይቅርታ ልጄ" ትላለች። ሦስተኛው ሸርተቴው ነው። ሦስት ቦታ ታጥፎ ነው በበሩ ያለፈው።

"ተቀመጡ" አልኳቸው።

"የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ ፈረሱ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰጋቱራ ረገፈ። "ፈንጠዝያ ሪዞርት የሚባል ልጅ አለን። ጨዋ ነው፣ ዋና ይችላል፣ ጀርባው ሰፊ ነው። ያንተንና የትርሲትን ጫጉላ ለሱ እንድትሰጠው ለምነን መጣን።"

ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ነበር፣ ግን ፊቴን እንደ አቶ አሰግድ አኮሳተርኩት።

"የማን ልጅ ነው? እስቲ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ።"

"አባቱ ሎጅ ነው" አለ ፈረሱ። "እናቱ ፍል ውኃ ነች።"

"አያቱስ?"

ተያዩ። መኪናዋ ሸርተቴውን ገጨችው። ሸርተቴው አንገቱን ደፍቶ፣ "አያቱ የቀበሌ መዝናኛ ክበብ ነው" አለ።

"ቀበሌ!" ብዬ ጮህኩ። "እኔ ጫጉላዬን ለክበብ የልጅ ልጅ? ዘመድ ላማክር። ለቅዳሜ ተመለሱ!"

ሲወጡ አቶ አሰግድ ከዘራቸውን አቀበሏቸው፤ "እኔ ጋ ቢሆን እሺ ባልኳችሁ፣ ይሄ ሰውዬ ግን ጨካኝ ነው" ሲሏቸው ሰማሁ። እንዴት እንደጣመኝ!

ቅዳሜን መጠበቅ ሰለቸኝ። የኮምፕሬሰሬን ጎማ ቱቦ ዓርብ ላይ ሰካሁና ነፋሁት። ዓርብ አበጠ፣ አበጠ፣ ዷ! ብሎ ቅዳሜ ሆነ።

አሁን ሱቄ በር ላይ ነኝ። ተሳቢ መኪና ከነጩኸቱ መጥቶ ቆመ። የጫነው ምንድነው? ፈንጠዝያ ራሱ! ከነመዋኛው፣ ከነዛፉ፣ ከነአበባው። ሰው ወደ ሪዞርት ይሄዳል እንጂ ሪዞርት ተጭኖ ወደ ሰው ሲመጣ አይቼ አላውቅም። መጫወቻዎቹ አንድ ባንድ ወረዱና ሱቄ ፊት ተሰለፉ። አንዱ ባልዲ የሚያህል ኩባያ ከኋላ ሊያልፍ ሲል ሁሉም ጮኹበት፤ "ተራ ያዝ! ከማለዳ ጀምሮ ሰው እየጠበቅን ነው!"

ያ ትልቁ ጎማ መሬት ላይ ተጋድሟል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ተነፈስኩ ወንድሜ። የሚለጥፈኝ አንተ ብቻ ነህ አሉኝ።"

ሰማችሁ? ጎማው ራሱ መሰከረልኝ! ላነሳው ክሪኬን ብወሽቅበት የሞጆን መንገድ ከነአስፋልቱ አብሮ አነሳው። የተበሳበትን ለማግኘት ውኃ ውስጥ መንከር አለብኝ፣ ገንዳዬ ደግሞ አይበቃውም፣ ስለዚህ መዋኛው ውስጥ ነከርኩት። አረፋ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ከአረፋው ሥር ሙሽራና ሙሽሪት ከነቬሏ ብቅ አሉ።

"ጫጉላችን አለቀ እንዴ?" አለ ሙሽራው።

"መቼ ነው የገባችሁት?"

"የአቻምና ጥር።"

"አልቋል፣ ውጡ! ቀዳዳውን ልደፍንበት ነው!"

ልጥፌን ለጥፌ፣ በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ስነሳ የተሳቢው ጋቢና ተከፈተ። ሹፌሯ ትርሲት ነች። ቬሎ ለብሳለች፣ ራሷ ላይ የሹፌር ኮፍያ አለ፣ እጇ ላይ ግሪስ አለ። በሕይወቴ እንደዛ ቆንጆ ሆና አይቻት አላውቅም።

"ጥጋቡ፣ እንደ ጓዳዬ የምትለው ይሄንን ነው?"

"ይሄንን ነዋ!"

ዓይኗን አጥብባ አየችኝ። "እስቲ ሽንት ቤቱ የት ነው?"

ሰው ቤቱን ያውቃል የሚባለው በሽንት ቤቱ ነው እኮ። ፈረሱን አየሁት፣ ፊቱን አዞረ። መኪናዋን አየኋት፣ ዛፍ ገጨች። አለቀልኝ ብዬ ላብ ላብ ሲለኝ፣ ከአበባው ጀርባ አንድ ሽንት ቤት ከነመዝጊያው እጁን አወጣ።

"አቤት! እዚህ ነኝ! ጠራችሁኝ?" እያለ በሩጫ መጣና ፊታችን ቀጥ ብሎ ቆመ። "ከጋሽ ጥጋቡ እርቄ አላውቅም" አላት።

ትርሲት በሳቅ ወደቀች። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፋሁ፤ ኮምፕሬሰር አላስፈለገኝም።

ወደ ውስጥ ገባን። ውስጡ ያለው ነገር ሌላ ነው። በሩ ላይ "ያላኮረፈ መግባት አይችልም" ይላል፤ የሚስቅ ካለ ጥበቃው ይዞት አስኮርፎ ነው የሚያስገባው። የእንጨት ፈረሶቹ ሰው ላይ ተቀምጠው ይዞራሉ። አቶ አሰግድን አየኋቸው፤ መሀል ወገባቸው ላይ ብረት ተተክሎ፣ ጀርባቸው ላይ ፈረስ ተቀምጦ፣ ከፍ ዝቅ እያሉ ሲዞሩ።

"አሰግድ፣ እንዴት ነው?"

"ልጄ ጥጋቡ፣ ራሴን አዞረኝ!"

"ጎሚስታ የት ያደርሳል ብለህ አልነበር? አንተ ታዲያ የት ደረስክ?"

"እዚያው ነኝ! እዚያው!" እያሉ ዞረው ሄዱ።

ከዚያ የማስፈራሪያ ጨለማ ቤት የሚባል አለ። እዚያ የሚፈሩት ጭራቆቹ ናቸው። ወረፋ ይዘው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ "ዛሬ ማን ይሆን የሚመጣብን?" ይላሉ። የትርሲት አክስት እትዬ ዘርፌ ቦርሳቸውን ይዘው ገቡ። ከዚያ "መቼ ነው የምትወልዱት?" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጭራቆቹ ግድግዳ ጥሰው ወጡ፤ አንዱ ቀንዱን ጥሎ ነው የሮጠው።

በመጨረሻ የሪዞርቱ ዳይሬክተር መጣ። ሱፍ ለብሷል፣ ጫንቃው ላይ ግን ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሟል። ፈረሱ፣ መኪናዋና ሸርተቴው ከኋላው ተንበረከኩ። ትልቁ ጎማም ሊንበረከክ ፈልጎ ጉልበት አጣ።

"ሦስተኛችን ነው" አለ ዳይሬክተሩ፣ እንባው እየወረደ። "ሌላ ሙሽራ አንፈልግም። እሺ ካላልከን መዋኛችንን አፍስሰን እንበተናለን።"

ሶፋዬ መጣልኝ፣ ተቀመጥኩ። አገጬን አሻሸሁ። ወንድሞቼ፣ እምቢ ማለት እንዴት ያለ ወንበር ነው! አቶ አሰግድ ለካ ወደው አይደለም።

"ቅድመ ሁኔታ አለኝ" አልኩ።

"ንገረን!"

"አንደኛ፣ ትርሲት በቃኝ ሳትል ፀሐይ አትጠልቅም።"

"እናስራታለን።"

"ሁለተኛ፣ ቁርስ ላይ እንቁላሉ ነው የሚጠይቀን፣ እንዴት ልጠበስላችሁ ብሎ።"

"ለምዷል፣ ይጠይቃል።"

"ሦስተኛው ዋናው ነው። የምንሄደው ሁለታችን ብቻ ነን። ሁለት! ሚዜ የለ፣ አክስት የለ፣ አማት የለ፣ 'ላድርሳችሁና ልመለስ' የሚል የለ!"

ፈረሱ በከዘራው መሬቱን ቧጨረ። "ይሄስ ከበድ ይላል" አለ። "በሀገራችን ታይቶ አይታወቅም።"

"እንግዲያው በሩ ያው!"

"ኧረ ተቀብለናል! ተቀብለናል!" ብለው ተደፉ።

ብድግ አልኩ። እጄን ዘረጋሁ። "ሰጥቻለሁ!" ብዬ ጮህኩ።

እልልታው ቀለጠ! ሽንት ቤቱ ሳይቀር በሩን እያጋጨ እልል አለ። ጭራቆቹ ጨፈሩ፣ አቶ አሰግድ ከነፈረሳቸው እስክስታ ወረዱ፣ ዳይሬክተሩ ድንጋዩን ወርውሮ አቀፈኝ። ትልቁ ጎማ ቀና አለና እኔንና ትርሲትን ጫፉ ላይ አስቀመጠን። ከዚያ ላይ ሞጆ ብሎን አከለች። ከባድ መኪኖቹ ጉንዳን ሆኑ፤ ሹፌሮቹ ወርደው ያጨበጭቡልናል። እኔ ጥጋቡ፣ ከአምስተኛ ክፍል የቀረሁት፣ ከደመና በላይ!

ትርሲት ትከሻዬ ላይ ጋደም አለች።

"ጥጋቡዬ።"

"ወዬ።"

"በየት በኩል ነው የመጣነው?"

ወደ ታች አየሁ። ለካ ፈረሱንም፣ ዳይሬክተሩንም፣ ጎማውንም መንገዱን አልጠየቅኩም፤ እነሱ ናቸው የመጡት። አንድ መንገድ ልፈጥርላት ስል አንድ ነገር ጎኔን ወጋኝ።

ከዘራ ነው። ዓይኔን ገለጥኩ። የሽማግሌዎቼ ዋና ጋሽ ሽብሩ አልጋዬ አጠገብ ቆመው በከዘራቸው ይነቀንቁኛል። ውጭ አከራዬ እልልታውን ያቀልጡታል። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰዓቱ አራት ሆኖ።

"ተነስ አንተ ሰነፍ! ሰጡን!" አሉኝ።

"ማ? ፈንጠዝያ?"

"አቶ አሰግድ ናቸዋ! ተቀመጡ አሉን፣ ጠላ ቀዱልን። ያቺ የጫጉላ ነገር ናት አፋቸውን ያስያዘቻቸው። ሰርጉ ከሁዳዴ በፊት ነው።"

ከአልጋዬ ዘልዬ ጉልበታቸውን ስሜ፣ በቁምጣዬ ልጨፍር ስል ጋሽ ሽብሩ ከዘራቸውን አነሱ።

"ቆይ፣ አንድ ቅድመ ሁኔታ አላቸው።"

"ሺህም ይሁን ጋሼ!"

"ልጄን የማላውቀው ሀገር ብቻዋን አልሰድም ብለዋል። ጫጉላው ላይ እሳቸውም፣ እናቷም፣ እትዬ ዘርፌም፣ ከነቤተሰቡ አሥራ አንድ ሰው አብሯችሁ ይሄዳል። ሚኒባስ ተነግሮ አልቋል። ሹፌሩ አያውቀውም፣ ግን ጋቢና ጥጋቡ ተቀምጦ ይምራን፣ እንደ ጓዳው ነው የሚያውቀው ብለዋል።"

አልጋው ላይ ቁጭ አልኩ።

"እትዬ ዘርፌ ደግሞ ጠይቅልኝ ብለውኛል" አሉ ጋሽ ሽብሩ። "ኩላሊታቸው ያስቸግራቸዋል። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው ወይ?"

"ኧረ አይደለም ጋሼ" አልኳቸው። "ሲጠሩት ይመጣል።"

ብርድ ልብሴን ተከናንቤ ተመልሼ ተኛሁ፤ ፈረሱን አግኝቼ መንገዱን ልጠይቀው።