ዊልፍ በቦይ ወደ ሠርጉ ሲሄድ

[እንግሊዝ አገር። በአሮጌው ቦይ ላይ ረጅምና ጠባብ ጀልባ ይሄዳል። ክላረንስ ኋላ ቆሞ የመሪውን ዘንግ ይዟል። ታናሽ ወንድሙ ዊልፍ የሙሽራ ልብሱን ለብሶ የሠርጉን ኬክ ታቅፏል።]

ክላረንስ፦ መኪና መሰለህ እንዴ? ጀልባ ነው! ዘንጉን ወደ ግራ ስትገፋው ወደ ቀኝ ይሄዳል።

ዊልፍ፦ ታዲያ ወደ ቀኝ መሄድ ስንፈልግ ለምን ወደ ቀኝ አንገፋውም?

ክላረንስ፦ ወደ ግራ ስለሚሄድብን ነዋ!

ዊልፍ፦ ግራ ገባኝ።

ክላረንስ፦ የት ገባህ? ገና ቀጥታ ላይ ነን!

ዊልፍ፦ እኔ እኮ ስለ ጭንቅላቴ ነው የማወራው።

ክላረንስ፦ ያንተ ጭንቅላት ግራም ቀኝም ገብቶት አያውቅም።

ዊልፍ፦ ወንድምዬ፣ ሙሽራዬ ዶሪን ሳይረፍድ ድረሱ ብላለች። ምናለ በታክሲ ብንሄድ ኖሮ?

ክላረንስ፦ በታክሲ! ሙሽራ በታክሲ የሚሄደው ዘመድ ሲያጣ ነው። አያታችን በዚህ ቦይ የድንጋይ ከሰል ሲያመላልስ ነው የኖረው። ሙያው በደሜ ውስጥ ነው!

ዊልፍ፦ አያታችን እኮ ጀልባ ነድቶ አያውቅም። ጀልባውን የሚጎትተውን ፈረስ ነበር የሚነዳው።

ክላረንስ፦ ፈረሱም ቢሆን ካንተ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ ዝም ይላል!

[ቦዩ ዝቅ በሚልበት ቦታ፣ ጀልባው ውሃ እየተለቀቀ ወደሚወርድበት ክፍል ይገባል። ግራና ቀኙ የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ ፊትና ኋላው የተዘጋ ትልልቅ በር። ዊልፍ ኬኩን ጀልባው ጣራ ላይ አስቀምጦ ወደ ዳር ይወጣል።]

ክላረንስ፦ የፊቱን የውሃ መልቀቂያ ክፈት! ውሃው ይወርዳል፣ እኛም አብረን እንወርዳለን። ይሄ ሳይንስ ነው።

ዊልፍ፦ ትንሽ ወደ ፊት ጠጋ ብትል? ከኋላህ ውሃው ሥር የድንጋይ ደፍ አለ። ማስጠንቀቂያም ተጽፏል።

ክላረንስ፦ ማስጠንቀቂያ የሚጻፈው ለማያውቅ ሰው ነው። ክፈት አልኩህ!

[ዊልፍ ማዞሪያውን ያሽከረክራል። ውሃው መውረድ ይጀምራል።]

ዊልፍ፦ ክላረንስ፣ የጀልባው ፊት እየወረደ ነው።

ክላረንስ፦ ጎሽ! ዓይን አለህ ለካ!

ዊልፍ፦ ኋላው ግን ንቅንቅ አላለም።

ክላረንስ፦ ተራውን እየጠበቀ ነው። መጀመሪያ ፊቱ ይወርዳል፣ ከዚያ…

ዊልፍ፦ አንተም ተንጋደሃል።

ክላረንስ፦ እኔ ተንጋድጄ አላው… [ይንሸራተታል።] ኧረ! ኧረ ሰው! ዝጋው!

ዊልፍ፦ አፌን ነው?

ክላረንስ፦ ውሃውን! ውሃውን ዝጋ፣ አንተ ግንድ! ልሞት ነው!

[ዊልፍ የፊቱን መልቀቂያ ዘግቶ፣ ወደ ኋላ ሮጦ በኋላው በር ከላይ ውሃ ያስገባል። ደፉ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ጀልባ ቀስ ብሎ ይቃናል። ኬኩ ግን ውሃ ውስጥ ነው፤ ዳክዬዎች ከበውታል።]

ዊልፍ፦ ተጎዳህ ወይ ወንድምዬ?

ክላረንስ፦ [ሱሪውን እያራገፈ] አየህ? እኔ ባልረጋጋ ኖሮ አልቀን ነበር።

ዊልፍ፦ ኬኩ አለቀ።

ክላረንስ፦ ለኬክ ታለቅሳለህ? ከኬክና ከወንድምህ ማን ይበልጥብሃል?

ዊልፍ፦ ዳክዬዎቹን ብትጠይቃቸው ኬኩ ይሉሃል።

[ጀልባው ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ውሃው እንደገና ይለቀቃል፤ በሰላም ወርደው ይወጣሉ። ከዚያ ቦዩ ለሁለት ይከፈላል።]

ዊልፍ፦ ዊክስተን በየት በኩል ነው?

ክላረንስ፦ በግራ! ወደ ሠርግህ መንደር መሄጃውን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ዊልፍ፦ እርግጠኛ ነህ?

ክላረንስ፦ አንተ ዛሬ ሚስት ታገባለህ እንጂ መንገድ አታውቅም። ተቀመጥ!

ዊልፍ፦ እሺ። [ተቀምጦ ክራባቱን ያስተካክላል።]

[ጀልባው በግራ በኩል ይሄዳል። የቤተ ክርስቲያን ደወል ይሰማል።]

ክላረንስ፦ ሰማህ? በሰዓቱ አደረስኩህ! [በዳር የቆመውን ሰሌዳ ያነባል።] ኮል… ኮልዳም? ኮልዳም ነው የሚለው?

ዊልፍ፦ አዎ፣ ኮልዳም።

ክላረንስ፦ ዊክስተን አይደለማ! አንተ ደንቆሮ፣ መንገድ ስንስት ዝም ብለህ ታያለህ? ያቺ ምስኪን ሙሽራ ዊክስተን ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆማ እያለቀሰች ነው! ቦዩ ደግሞ ጠባብ፣ መዞሪያ ቦታ እንኳ የለው!

ዊልፍ፦ አታዙር። ዳር አስይዘው። [ተነስቶ ዳር ላይ ለቆመችው ሙሽራ እጁን ያውለበልባል።] ዶሪን! መጣን!

ክላረንስ፦ ዶሪን? እሷ እዚህ ምን ታደርጋለች?

ዊልፍ፦ ልታገባኝ ነዋ። ሰበካዋ ኮልዳም ነው። ሠርጉም እዚሁ ነው።

ክላረንስ፦ ዊክስተን ብላችሁኝ አልነበር?

ዊልፍ፦ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ ኮልዳም አልን። ላንተ ብቻ ዊክስተን አልንህ።

ክላረንስ፦ ለምን? ምን በደልኳችሁ?

ዊልፍ፦ ኧረ ምንም አልበደልከንም ወንድምዬ። ኮልዳም ብንልህ ዊክስተን ትሄድ ነበር፤ እንድትገኝልን ፈልገን ነው።