ጉድጓድ አፋፍ የሚቆሙት ክቡር አማካሪ

በየሰፈሩ፣ ሌላው ሲቆፍር እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚቆም አንድ ሰው አይጠፋም። አካፋ አይነካም፤ ያለ እሱ ምክር ግን ሚስማር አይመታም። የኛ ሰፈሩ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ናቸው። በልቤ «ክቡር አማካሪ» እላቸዋለሁ፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ ናቸው።

ክቡርነታቸው የማያውቁት ነገር የለም። መኪና አይነዱም፤ ሾፌር ግን ያርማሉ። ባለቤቴ ልብስ ስታሰጣ እንኳ የነፋሱን አቅጣጫ ነግረዋታል። ንግግራቸው ሁሉ «እኔ ብሆን ኖሮ» ብሎ ይጀምራል። ሆነው ግን አያውቁም።

ባለፈው ወር የመጸዳጃ ቤታችን ውሃ አልወርድ አለ። የሽንት ቤቱን ውሃ ስንለቀው በገላ መታጠቢያው በኩል እየተንደቀደቀ ይመለሳል። ክቡር አማካሪ ከኛ ቀድመው የሰሙ ይመስል በር ላይ ደረሱ።

«አየር ነው» አሉ። «እኔ ብሆን ኖሮ የፈላ ውሃ እደፋበት ነበር።»

ሦስት ድስት ሙሉ ደፋን። አየሩ አልወጣም። ባለቤቴ ግን ልትወጣ ምንም አልቀራትም፤ አራት ቀን ልጆቹን እየያዘች እህቷ ቤት ስትታጠብ ከርማ «ነገ ካልተሠራ እዚያው እቀራለሁ» አለችኝ።

በማግስቱ የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ። ረጅም ሽቦ ወደ ቱቦው ሰዶ፣ ጠምዝዞ ሲጎትተው የፈረስ ጭራ የሚያክል ነገር ይዞ ወጣ።

«የዛፍ ሥር ነው» አለ። «በመጋጠሚያው ስንጥቅ ገብቶ ሞልቶታል። ተቆፍሮ ቱቦው ካልተቀየረ ተመልሶ ይበቅላል።»

«እኔም ብዬ ነበር» አሉ ክቡር አማካሪ።

ባለቤቴ ዞር አለች። «ጋሼ፣ ዛፉን እዚህ ጋ ትከሉት ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ዛፉን ሽቅብ አዩት። «ውሃ አያጣም ነው ያልኩት። አጥቷል?»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ገቡ።

በነጋታው ቁፋሮ ሲጀመር አልመጡም። እፎይ አልኩ። እፎይታዬ እስከ ሁለተኛው ጉድጓድ ቆየ። ቱቦው የለም። በሦስተኛውም የለም። ግቢው የፍልፈል መንደር መሰለ።

«ቱቦው ሲቀበር ያየ ሰው የለም?» አለ ሠራተኛው ላቡን እየጠረገ።

ከኚያ ሰውዬ ሌላ ማን ሊኖር!

«ሂድና ይቅርታ ብለህ አምጣቸው» አለች ባለቤቴ።

«የተናገርሻቸው አንቺ።»

«የሳቅከው አንተ።»

በራቸውን ገና ሳንኳኳ ተከፈተ። ኮታቸውን ለብሰው፣ ጫማቸውን አስረው ከበሩ ጀርባ ቆመው ኖሯል።

«ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ። ቱቦውም ጠፋብን።»

«በመስኮት አይቻለሁ፤ ሦስቱም አልቀረቡም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ያኔ ስለ ቅጠሉ ነው ያሰብኩት። ሥሩን አላሰብኩም።»

መጥተው ከግድግዳው አምስት እርምጃ ቆጠሩና በተረከዛቸው መሬቱን ጫሩ። ሠራተኛው አንድ ክንድ እንደቆፈረ ቱቦው ተገኘ፤ ሥሩ እንደ ቡጢ ጨብጦታል። የተሰነጠቀው ተቆርጦ በአዲስ እስኪተካ ድረስ የመጋዙን አያያዝ እያረሙ ቆመው ዋሉ። ጉልበታቸው እንደሚንቀጠቀጥ ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

ከሳሎን ወንበር አወጣሁላቸው። ባለቤቴ ትራስ ደረበችበት። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ተመቸዎት ጋሼ?»

«ወደ ግራ ያዘነብላል» አሉኝ።

ቀና አደረግሁላቸው።