የእማማ ጥሩዬ ጉልበት

«አንቺ ልጅ፣ ስትበይ የኖርሽው እንቁላሌን አይደለም፤ ጉልበቴን ነው» አሉኝ ዛሬ ጠዋት እማማ ጥሩዬ፣ ፊት ለፊት።

ምን ይባላል? ሐቅ ነው። የታመመ ሰው ሳይሰለች እየተመላለሰ የሚጠይቅ፣ ግን ቶሎ እንዲድን የማይቸኩል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ። እሳቸውን ቁርጥማት ቤት ስላዋላቸው፣ እንቁላላቸውን ከደጃፋቸው በርካሽ እየገዛሁ ዳገቱ ላይ ባለችው ቁይ ከተማ፣ ገበያ ወስጄ አተርፍበታለሁ። «ጉልበትዎ እንዴት አደረ?» እላለሁ። «ብሶበታል» ሲሉኝ ከንፈሬን እመጥጥና ዋጋ እቀንሳለሁ።

ታዲያ በቀደም ልጃቸው ከደብረ ማርቆስ የቁርጥማት መድኃኒት፣ ለጉልበታቸው የሚሆን ቅባት ላከችላቸው። ጣት የማታህል ቅባት! የቁይ ነጋዴ ሁሉ ቢያድምብኝ እንዲህ አያከስረኝም።

ዛሬ ስደርስ እንቁላሉን ቅርጫት ውስጥ በጭድ ደርድረው፣ ከዘራ ይዘው ቆመዋል።

«እማማ፣ የገበያውን ዳገት አይችሉትም!» አልኳቸው።

«ትናንት ስሰግድበት የዋልኩት ጉልበት ዳገት ያቅተዋል? ይልቅ እውነቱን ንገሪኝ፤ እንቁላል ገበያ ላይ ስንት ነው?»

ነገርኳቸው።

«አሃ! የምትቀንሽብኝ የጉልበቴ ዋጋ ነበራ!» ብለው ሳቁ። «በይ ቅርጫቱን ያዢልኝ፤ አንቺም ጉልበት አለሽ።»

ባዶ ቅርጫቴን በራቸው ላይ ትቼ፣ የእሳቸውን ተሸክሜ ከኋላቸው ዳገቱን ወጣሁ።