አጥባቂው ኦቦ ጃለታ

ሰው ሁለት ዓይነት ነው፦ ክዳን ገጥሞ የሚሄድና የተገጠመውን ክዳን ተከትሎ የሚያጠብቅ። ሁለተኛው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ሮቤ ላይ ኦቦ ጃለታ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ክቡር አጥባቂ። ሃይማኖት አጥባቂ እንዳይመስላችሁ፤ ዳዶ አጥባቂ።

ከኮታቸው ኪስ መፍቻ አይለይም። የመሣሪያው ስም መፍቻ ይባል እንጂ በእሳቸው እጅ አንድም ነገር ፈትቶ አያውቅም። ሊጠይቋችሁ ሲመጡ፣ ገና "አከም ጂርቱ?" ብለው ደህንነታችሁን እየጠየቁ የበራችሁን ማጠፊያ ይነቀንቃሉ። "ላልቷል!" ይላሉ፤ ቀጥለውም "አንዲት ዙር ብቻ!" ለቅሶ ቤት እንኳ ገብተው የተቀመጡበትን ወንበር ያጠብቃሉ። ባለቤታቸው አዴ ሀዋኒ ስኳር ሲያምራቸው ከጎረቤት ይበደራሉ፤ ቤት ውስጥ ስኳር ጠፍቶ ሳይሆን ክዳኑን የሚከፍት ጉልበተኛ ጠፍቶ ነው።

ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት የድራማ ክበብ መሪ መምህርት ሰቢሪና እኚህን ሰው ከመድረኳ ለማራቅ ብዙ ታግላለች። ዘንድሮ ግን አልቻለችም። በገዛ እጇ ከካርቶን፣ ከሽቦና ከጆንያ የቀይ ቀበሮ ጭንቅላት ሠራች፤ ጭንቅላቱ አንገት በሚዞር የብረት ቀለበት ተይዞ የስፖርት መምህሩ ከሊል ትከሻ ላይ በቡሎንና በዳዶ ይታሰራል። ድራማው የቀይ ቀበሮ አገር በሆነችው ዲንሾ ላይ፣ የውሻ ክትባት በሚሰጥበት ቀን ይቀርባል። ቀበሮው "የእብድ ውሻ በሽታ ከውሾቻችሁ እየመጣ ጨረሰን፤ አስከትቧቸው" ብሎ ይለምናል።

ችግሩ፣ ከሊል ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ዳዶው ይላላል። በልምምድ ቀን ቀበሮው "ወገኖቼ አለቁ!" ብሎ ሊያለቅስ ሲል ጭንቅላቱ ዞረና በጀርባው በኩል አለቀሰ። ተማሪው በሳቅ ፈረሰ። ሰቢሪና አልሳቀችም፤ ዲንሾ ላይም እንዲህ ከሆነ ውሻውን የሚያመጣ ሰው አይኖርም።

ወዳ ሳይሆን ቸግሯት ኦቦ ጃለታን ጠራች።

"ላልቷላ!" አሉ፣ ፊታቸው እንደ ሙሽራ በርቶ።

ዲንሾ ላይ፣ ትዕይንቱ ሊጀመር ሲል፣ ከአንዷ ተዋናይ የጥፍር ቀለም ተቀብለው ሲደርቅ እንደ ሙጫ እንዲይዝ የቡሎኑን ጥርስ ቀቡት። ሮንዴላ የሚሏትን ቀዳዳ ብረት አስገቡ። ዳዶውን አጠበቁ፤ በላዩ ሌላ ዳዶ ደረቡ።

"ወላሂ በቃ፣ ኦቦ ጃለታ! ይተዉት!" አለች ሰቢሪና።

"አንዲት ዙር ብቻ!"

የዲንሾ ነፋስ መጋረጃውን ወሰደ፣ የካርቶኑን ዛፍ ጣለ፤ የቀበሮው ጭንቅላት ግን ንቅንቅ አላለም። ከሊል ዘለለ፣ ተንከባለለ፣ ሞተ፤ ጭንቅላቱም አብሮት ሞተ። ከፊት የቆሙ አንድ አዛውንት እንባቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ውሾቻቸውን እየጎተቱ ወደ ከታቢዎቹ ሄዱ። ሕዝቡም ተከተላቸው። ሰቢሪና የኦቦ ጃለታን እጅ ልትስም ምንም አልቀራት።

ይሄኔ ከቀበሮው ውስጥ "አሁን አውልቁልኝ" የሚል ድምፅ መጣ።

ኦቦ ጃለታ መፍቻውን ይዘው ቆሙ። እጃቸው ወደ ቀኝ እንጂ ወደ ግራ ማዞር አያውቅም። ታገሉ፤ የዳዶው ጠርዝ ተላጠ። ከታቢዎቹ ሞከሩ፣ የሚኒባሱ ሾፌር ሞከረ፤ ወይ ፍንክች! ከሊልን ምሳውን በቀበሮው አፍ በኩል አጎረሱት። የመሳፈሪያው ሰዓት ሲደርስ ረዳቱ አየት አድርጎት፣

"ጭንቅላቱ ከላይ ይጫን!" አለ።

"እኔስ?" አለ ከሊል።

ወደ ሮቤ ሲመለሱ ሰቢሪና ቁጣዋን አሰናድታ ወደ ኋላ ዞረች። ኦቦ ጃለታ ከከሊል ጎን ተቀምጠዋል። መኪናው በነጠረ ቁጥር ብረቱ አንገቱን እንዳይመታው የቀበሮውን ጭንቅላት በሁለት እጃቸው ደግፈው ይዘዋል።

"ልጄ፣ አመመህ?" ይላሉ በቀስታ።

"ደህና ነኝ፣ ኦቦ ጃለታ።"

ክንዳቸው ዝሏል። ሮቤ ጋራዥ ደርሰው ብረቱ በመጋዝ እስኪቆረጥ ድረስ ግን አልለቀቁም። ሰቢሪናም ያዘጋጀችው ቁጣ ጠፋባት።

ሰንበት ብሎ ድራማውን እንዲያሳዩ ከጎባ ግብዣ መጣ። ሰቢሪና በያጅ ጋ ሄዳ፣ በአንድ ጣት የሚከፈት አዲስ ማያያዣ አሠራች። "አልሐምዱሊላህ፣ ከእንግዲህ ኦቦ ጃለታ ይረፉ" ስትል ከሊል ፊቱን አጨፈገገ።

"እሳቸው ካልመጡ አልለብሰውም።"

"አብደሃል? ከዚያ ሁሉ በኋላ?"

ከሊል አንገቱን አሻሸ። "ከእናቴ ሌላ ጭንቅላቴን እንደዚያ የያዘልኝ ሰው የለም" አላት።

ሰቢሪና ስልኳን አውጥታ ኦቦ ጃለታ ጋ ደወለች።