ለሳሎኑ ኮምፒውተር የተቀመጠው ሽምግልና

ቀረብ ቀረብ በሉ ልጆቼ። ወንበር ያነሰው ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፤ እግሩንም ይዘርጋ፣ ማንም አይቆጣውም። የማወራችሁ በዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት መካኒሳ አቦ ስለተቀመጠ ታላቅ ጉባኤ ነው። በሌላው ዓለም ሰው ኮምፒውተሩ ላይ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚሉትን ነገር ሲጭን ጎረቤት እንኳ ሳያማክር ነው አሉ። ያልታደሉ! አቶ ገብረ መድኅን ቤት ግን እንዲህ ያለ ነውር አልተሠራም።

አቶ ገብረ መድኅን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አብረዋቸው ያሉት ልጃቸው ሄርሜላና ታናሽ ወንድሟ ቴዎ ናቸው። ሄርሜላ የኮምፒውተር ኮርስ ከጨረሰች በኋላ፣ ከአንዱ አሮጌ ሳጥን፣ ከሌላው ማዘርቦርድ፣ መርካቶ ደግሞ ጥግ ላይ የተጣለ ሞኒተር እየለቃቀመች፣ በስምንት ወር ውስጥ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አንድ ኮምፒውተር ገጣጥማ አቆመች። ቴዎም ለጌም የሚሆን የድምፅ ካርድ አዋጣ። ስምምነታቸው ግልጽ ነው፤ ቀን እሷ ትጽፋለች፣ አመሻሽ ላይ እሱ ይተኩሳል።

ሥራም ተገኝቶላት ነበር። አቶ ወጋየሁ የሚባሉ የአንድ ማኅበር ኃላፊ የማኅበሩን ጽሑፍ በየወሩ ሊሰጧት ቃል ገብተዋል። «እስከ ሰኞ ማሽንሽ ካልተነሣ ግን ለሌላ ጸሐፊ እሰጣለሁ፤ አትቀየሚኝ» ብለዋታል። ቀኑ ቅዳሜ ነው። የቀረው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን መጫን ብቻ። ልጅቱ ዝም ብላ መጫን ስትችል፣ በቅን ልቧ ለአባቷ ላስረዳ አለች።

«እሱ ማለት አባዬ፣ ቤቱን የሚያስተዳድረው ነው። ሌላው ፕሮግራም ሁሉ በሱ ሥር ነው የሚኖረው።»

አቶ ገብረ መድኅን መነጽራቸውን አወለቁ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ማንም ምንም ነገር አስረድቷቸው አያውቅም፤ ደረታቸው ሞቅ አለ።

«የኔን ቤት ነው የሚያስተዳድረው?»

«ኧረ የኮምፒውተሩን!»

«ኮምፒውተሩስ ያለው የት ነው?»

«ሳሎን።»

«ሳሎኑስ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው አባዬ።»

«እንግዲያው ከነማን ወገን እንደሆነ ሳይጣራ አይገባም።»

እውነታቸውን ነው። ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሲመጣ ሰባት ቤት ይቆጠራል እንጂ እንዲሁ በሩ አይከፈትለትም። በዚያው ከሰዓት ሽማግሌ ተጠራ። የዕድሩ ጸሐፊ አቶ መዝገቡ መጡ፤ እሳቸው ያለ ቃለ ጉባኤ ውኃ እንኳ የማይጠጡ ናቸው። አስፋልቱ ዳር ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ቀመሪያም መጡ። የሄርሜላ የክፍል ጓደኛ ፈየራ ደግሞ አስረጂ ሆኖ ተጠራ። ነገሩን የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ድምፅ እንዳይሰጥ ተደረገ።

አቶ መዝገቡ እስክሪብቷቸውን አወጡና «ዕጩዎቹ ይገለጹ» አሉ።

«ሦስት ናቸው፤ ዶስ፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ» አለ ፈየራ።

«በዕድሜ ማን ይበልጣል?»

«ዶስ።»

«ጠባዩስ?»

«ትእዛዝ ካልጻፉለት ንቅንቅ አይልም።»

«ጨዋ ነው!» አሉ አቶ ገብረ መድኅን። እሳቸውም በሥራ ዘመናቸው ደብዳቤ ካልተጻፈላቸው ንቅንቅ ብለው አያውቁም።

«ዊንዶውስ ደግሞ በሥዕል ነው የሚሠራው፤ መስኮት በመስኮት። የሄርሜላን ጽሑፍም የቴዎን ጌምም ይችላል። እኔ ብጠየቅ…»

«አልተጠየቅህም» አሉ አቶ መዝገቡ። «ወላጁ ማነው?»

«ወላጅ እንኳ… ሲነሣ ከሥሩ ዶስ አለ። በሱ ተደግፎ ነው የሚነሣው።»

«ቆይ እስቲ። ዶስ አባቱ ነው?»

«እንደዚያም ማለት ይቻላል።»

«በሕይወት አለ?»

ፈየራ ሄርሜላን አየ። ሄርሜላ ኮርኒሱን አየች።

«አለ ጋሼ።»

«አባት ቁጭ ብሎ እያየ ልጅ ቤት ሊያስተዳድር! ይጻፍ፤ ዊንዶውስ ለጊዜው ታግዷል» አሉ አቶ መዝገቡ፣ ራሳቸው እየጻፉ።

አቶ ገብረ መድኅን ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ አንጀታቸው ድረስ ገብቶ ነበር።

«ሊኑክስ በነጻ ነው የሚገኘው» አለ ፈየራ፣ ጉባኤውን ለማለሳለስ።

«ያለ ጥሎሽ?» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ። «ወላሂ፣ በነጻ የመጣ አማች የደበቀው ነገር አለ።»

«አባቱስ ማነው?» አሉ አቶ መዝገቡ።

«እሱ እንኳ ብዙ ሰዎች ናቸው። በየአገሩ ሆነው ተጋግዘው ነው የሚሠሩት።»

አቶ መዝገቡ የተባለውን ጻፉ፤ ለቤቱ ክብር ሲሉ ግን ጮክ ብለው አላነበቡትም።

«አባዬ፣ ሰኞ እኮ…» አለች ሄርሜላ።

«የችኮላ ጋብቻ አይበጅም ልጄ» አሏት አባቷ ራሷን እያሻሹ። ኮምፒውተሩም ውሳኔ እስኪያገኝ ማንም እንዳይነካው፣ ዳንቴል ለብሶ እንዲቆይ ታዘዘ።

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው የተሠራውን ሥራ ዘርዝሬ አልጨርሰውም። አንዱ ቅዳሜ ዶስ በዚህ ዕድሜው ሥራ ይከብደዋል ወይስ አይከብደውም በሚለው ላይ አለቀ። ሌላው ቅዳሜ የሊኑክስን ዘመዶች የሚያፈላልግ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አባላቱ እነዚያው ሦስቱ ነበሩ። አቶ ገብረ መድኅን ፊታቸው እየበራ ሄደ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎናቸው ሰው ይሞላል፣ ክራቫት ያስራሉ፣ «እርስዎስ ምን ይላሉ?» ይባላሉ።

ከሁሉ ያስደሰታቸው ግን የልጆቹ ነገር ነው። ያ ጭቅጭቅ ቀረ። ሄርሜላ ማለዳ ተነሥታ «እትዬ ቀመሪያን ላግዛቸው» ብላ ትወጣለች። ቴዎም ወደ ማምሻው ይከተላታል። ስለ ኮምፒውተሩ ትንፍሽ የሚል የለም። «ልጅ ሥርዓት ሲያይ ሥርዓት ይማራል» ይላሉ አቶ ገብረ መድኅን፣ ዳንቴሉ ላይ ያረፈውን አቧራ በመሐረባቸው ቀስ ብለው እያራገፉ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ቃለ ጉባኤው አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ይህን የሚያህል ሰነድ በእጅ ጽሑፍ እንዳይቀር ተባለና፣ ወይዘሮ ቀመሪያ «በኮምፒውተር የሚጽፍ ሰው አውቃለሁ» ብለው ወሰዱት። በስድስተኛው ቅዳሜ ይዘውት መጡ። ልጆቼ፣ እንዴት ያለ ጽሑፍ! መስመሩ በክር የተለካ ይመስላል። ርእሱ ደመቅ ያለ፣ የአባላቱ ስም ከነማዕረጉ። አቶ መዝገቡ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ዘረጉት።

«እንዲህ ነው ሥራ! ይህን የጻፈ ማሽን በዋዛ የተመረጠ አይደለም። በማስተዋል፣ በሽማግሌ የተመረጠ ነው።»

«እኔም ይህንኑ ልል ነበር» አሉ አቶ ገብረ መድኅን። «ታዲያ ለምን እንደክማለን? እዚያ ማሽን ላይ ያለው ማንም ይሁን ማን፣ የኛም እሱ ይሁን።»

በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። ተጨበጨበም።

«አሁን ቀመሪያ፣ ባለማሽኑ ማን እንደሆነ ይንገሩን፤ ሄደን እንጠይቅ።»

ወይዘሮ ቀመሪያ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ዳንቴሉን ግለጡት» አሉ።

አቶ ገብረ መድኅን ገለጡት። ከሥሩ ሁለት የማካሮኒ ካርቶን ነበር፤ አንዱ ባንዱ ላይ፣ ሥርዓት ይዞ።

«ኮምፒውተሩስ?»

«ሱቄ ጓዳ ነው። የመጀመሪያው ስብሰባ ባለቀ ማግስት፣ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ልጆቹ ተሸክመው አመጡት። ሰኞ ጧት የአቶ ወጋየሁ ሥራ ተጀመረ። ልጅቷ ስታለቅስ ባያት አላስቻለኝም።»

«የትኛውን ጫነችበት?»

«ያን መስኮት መስኮቱን።»

«የታገደውን?!» አሉ አቶ መዝገቡ።

አቶ ገብረ መድኅን ባርኔጣቸውን አንሥተው ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረዱ። ሄርሜላ ከሱቁ ጓዳ፣ ከስኳር ማዳበሪያዎቹ መሃል ስትጽፍ አገኟት። ስታያቸው ደንግጣ ብድግ አለች። አባትም ማሽኑን አዩ፤ ቀጥሎ የተጻፈውን የወረቀት ክምር አዩ፤ በመጨረሻም ልጃቸውን።

«ማን ፈቀደልሽ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ቁጣ አልነበረውም።

«እርስዎ ነዎት አባዬ። አሁን በሙሉ ድምፅ አጸደቃችሁልኝ አሉ፤ ፈየራ ቀድሞዎት ሮጦ ነገረኝ።»

አቶ ገብረ መድኅን ማዳበሪያው ላይ ተቀመጡና መነጽራቸውን አደረጉ። «በይ ጻፊ» አሉ፤ «እኔ እያነበብኩልሽ።»

አቶ መዝገቡ ግን ሥራቸውን በእንጥልጥል የሚተዉ ሰው አይደሉም። አሥራ አምስተኛውን ገጽ ጨመሩበት፤ «ኮምፒውተሩ በጉባኤው ብርቱ አመራር ሥራ ጀምሯል» ይላል። እሱንም የጻፈችው ሄርሜላ ናት፤ አንድ ፊደል አልቀየረችም። እናንተም ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ የተዋበ ወረቀት እጃችሁ የገባ እንደሆነ፣ ከግርጌው የፈረሙትን አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ ቁጭ ብላ የጻፈችውንም ልጅ አንዴ አስቡልኝ።