ክዌሲና የእድራችን ድንኳን

ፖለቲከኛ የሚያመሰግን ሰው ስታዩ ምን ትላላችሁ? ወይ ዘመዱ ነው፣ ወይ ሥራ ፈልጎ ነው። እኔም እንደዚያ ነው የምለው። ዛሬ ግን አንዱን ላመሰግን ነው የተነሳሁት። ዘመዴ አይደለም፤ ጋናዊ ነው። ሥራም አልፈልግም፤ ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ።

ስሙ ክዌሲ ነው። እነሱ ዘንድ እሁድ የተወለደ ወንድ ክዌሲ ይባላል አሉ። ድሮ እዚህ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትቼስተር ሰፈር አብረን የኤርፖርት ሻትል እንነዳ ነበር። ተሰልፈን ተሳፋሪ ስንጠብቅ ተራ የሚሰርቅ አይጠፋም፤ ጠብ ይነሳል። እኛ ስንጯጯህ ክዌሲ ከመኪናው ወርዶ ሁለቱንም ወገን እስኪደክማቸው ያዳምጣል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ጠቡ ያልቃል። አንድ ቀን አገሬ ገብቼ ለፓርላማ ልወዳደር ነው አለን። ሳቅንበት። እኔማ እንባዬ እስኪወርድ ነው የሳቅሁት። ሄደ፣ ተወዳደረ፣ ተሸነፈ። አላልንም? አልን። በሚቀጥለው ምርጫ አሸነፈ። እኛም ወዲያው ድሮም እናውቅ ነበር ማለት ጀመርን።

የእነሱ አገር የፓርላማ አባል ኑሮ መቼም ለብቻው ነው። ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ ግቢው በሰው ይሞላል። አንዱ ጣሪያዬን ነፋስ ወሰደው ይላል። አንዷ ልጄን ትምህርት ቤት አልቀበል አሉኝ ትላለች። ሌላው ደግሞ ሚስቴ ጥላኝ ሄደች፣ መልስልኝ ይላል። ክዌሲ ይህንንም ሄዶ ሚስቲቱን አነጋገራት፤ ሰምቷት ሲያበቃ እውነቷን ነው ብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ።

ቅዳሜ ደግሞ ለቅሶ ነው። ለቅሶ ያልደረሰን ማን ይመርጣል? በዚህ የምንቀየመው እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር እኮ! አንድ ቅዳሜ ሲጣደፍ ለቅሶ ቤት ተሳሳተ። የገባው የተቃዋሚው ፓርቲ ሰዎች ቤት ነው። ነገሩ የገባው ከተቀመጠ በኋላ ነው። እኔ ብሆን ስልክ የተደወለልኝ መስዬ ውልቅ ነበር። እሱ ግን ተነስቶ፣ እኚህን ሰው በሕይወት እያሉ አላውቃቸውም፣ እስቲ እናንተ ንገሩኝ አላቸው። እስኪመሽ ሲነግሩት ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ያ ሰፈር ከሱ ሌላ መርጦ አያውቅም።

ታዲያ እንዲህ ተወዶ ሳለ በኋላ በሌላ ምርጫ እንዴት ተሸነፈ? ሕዝቡ ሆስፒታል ጠየቀው። ክዌሲ፣ መንገዱን አስጨርሳለሁ፣ ሆስፒታሉ ግን በዚህኛው ዘመኔ አይደርስም፣ ይደርሳል ካልኩ ዋሸኋችሁ አለ። ተፎካካሪው ሆስፒታሉንም ስታዲየሙንም ቃል ገባ። በቃ፣ ወደቀ። ይህን ስሰማ እንደ ወንድሜ ኮራሁበት።

ሎስ አንጀለስ ተመልሶ መጣ። ባለቤቱ ኤፉዋ ነርስ ናት፣ ፓልምስ ሰፈር ነው የምትኖረው። እሱ ለወረዳው ሲሮጥ ልጆቹን እዚህ ብቻዋን ያሳደገች ሴት ናት። ጥቂት እንደቆየ ፓርቲው እንደገና ተወዳደር አለው። እሷ ደግሞ ይብቃህ፣ አሁን የኔ ተራ ነው አለችው። እሱም ሁለቱንም እሺ ማለት አቅቶት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ይውላል። አንድ ቀን ኤፉዋ ደወለችልኝ። አንተን ይሰማሃል፣ እንዲቀር አድርግልኝ አለችኝ። እምቢ ልበላት?

ዘዴ አገኘሁ ብዬ ክዌሲን ወደ እድራችን ስብሰባ ወሰድኩት። ለሰው መድከም ምን ያህል አሳር እንደሆነ የኛ ስብሰባ ካላስታወሰው ሌላ ምን ሊያስታውሰው ነው?

እድራችን ድንኳን አለው። እዚህ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ድንኳን ምን ይሠራል አትበሉኝ። ያለ ድንኳን ምን እድር አለ ተብሎ ካገር ቤት ተሰፍቶ የመጣ ነው። መንገድ ላይ መትከል ክልክል ነው፤ አፓርትመንት ውስጥ አይተከል። ከመጣ ጀምሮ እትዬ አስካለ ጋራዥ ውስጥ ተኝቷል። እሳቸው መኪናዬን ላስገባበት፣ አውጡልኝ ይላሉ። ግማሹ አባል ለሌላ ይሰጥ ሲል ግማሹ ክብራችን አይነካም ይላል። በዚሁ ጣጣ ሊቀመንበር የሆነ ሁሉ ሥልጣኑን እየጣለ ሄዶ፣ እድሩ ለሁለት ሊሰነጠቅ ምንም አልቀረውም ነበር።

የድንኳኑ ዋና ጠበቃ ጋሽ ከፈለኝ ናቸው። ለማንም ከወንበራቸው የማይነሱ ሰው፣ እንግዳው የፓርላማ አባል ነበር ስላቸው ብድግ ብለው ተቀበሉት። ከዚያ ወደ ጩኸታቸው ተመለሱ። «ሶ፣ የአባቶቻችንን ወግ ዶኔት እናድርገው ነው የምትሉት?» እያሉ ጠረጴዛ ይደበድባሉ። እኔ ለክዌሲ በጆሮው እተረጉምለታለሁ። እሱ እንደ ድሮው ሁሉም እስኪደክማቸው ጠበቀ። ከዚያ እጁን አውጥቶ በኔ በኩል ጠየቃቸው።

«ድንኳኑ በየአባሉ ጋራዥ በየወሩ በተራ ቢቀመጥስ? አጥብቆ ከሚወደው ሰው ቢጀመርስ?»

ጋሽ ከፈለኝ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኦኬ፣ የኔ ጋራዥ እንኳ ጣሪያው ሊክ ያደርጋል» አሉ።

እትዬ አስካለ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። ድንኳኑ ሰፊ ግቢ ላለው ቤተ ክርስቲያን እንዲሰጥ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። በሙሉ ድምፅ! በኛ እድር! በዚያው ሞቅታ አንዱ ተነስቶ፣ ለምን ይሄ ሰውዬ ሊቀመንበር አይሆንም አለ። አማርኛ እኮ አይችልም ያልኩት እኔው ነኝ። ጋሽ ከፈለኝ፣ እሱማ ጥቅሙ ነው፣ ስንሰዳደብ አይሰማብንም አሉ። እጅ ሁሉ ወጣ። እኔም በልቤ፣ ኤፉዋ ደስ ይበልሽ፣ እዚሁ አሰርንልሽ አልኩ።

ፒኮ ሮበርትሰን ሰፈርን አልፈን ወደ ቤቱ ስነዳ ክዌሲ ለብቻው ፈገግ ይላል። ምነው አልኩት።

«ያን ሁሉ ሲጨቃጨቁ አንዴ እንኳ ሰዓቴን አላየሁም» አለኝ። «እቤት ግን ሰዓት ሳይ ነው የምውለው። ልወዳደር ነው።»

ለኤፉዋ አዘንኩ፣ በሱ ደስ አለኝ። ሁለቱም ከልቤ ነው። እሷም በማግስቱ ደውላ፣ አድርግልኝ ያልኩህ ሌላ፣ ያደረግኸው ሌላ ብላ ዘጋችብኝ።

ሄደ፣ ተወዳደረ፣ አሸነፈ። ሆስፒታሉን ዛሬም ቃል አልገባም፤ መንገዱ ሲያልቅ ግን ፎቶውን ልኮልናል። ከእድሩ ሊቀመንበርነት ማንም አላወረደውም፣ እሱም አልለቀቀም። በየወሩ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያ ሆኖ በኔ አስተርጓሚነት ይመራናል። ቀርቶ አያውቅም።

ባለፈው ስብሰባ አንዲት አዲስ አባል ተመዘገበች። ኤፉዋ ናት። አማርኛ ሳትሰሚ እኛ ዘንድ ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። እኔ ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ ይለኛል፣ የናንተን ግን ያነሳል አለችኝ። ከዚያ ቦታዋ ተቀምጣ እጇን አወጣች። እኔም አንድ አባል መናገር ይፈልጋሉ ብዬ ለስልኩ ነገርኩት። ሊቀመንበሩ በትሕትና፣ የተከበሩ አባል ይቀጥሉ አለ።

«ክዌሲ፣ እኔ ነኝ» አለች። «መቼ ነው የምትመጣው?»

ጋሽ ከፈለኝ ቀስ ብለው ተነሱና፣ ድምፅ ይሰጥበት አሉ። ለገና መጥቶ አንድ ወር ሙሉ እንዲቀመጥ፣ በዚያ ወር የእድር ስብሰባም እንዳይኖር ተወሰነ። ክዌሲ መቼም የሕዝብ ውሳኔ አክባሪ ነው፤ ትኬቱን ቆርጧል።