ልጓም የጎረሰችው ግመል

ፈቃድ መጠየቅ ላይ እኛ ሰዎች ግራ የገባን ነን። የጎረቤት ወንፊት ለመዋስ ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ሙቀቱ ጠይቀንና ተሽኮርምመን ነው የምንጀምረው። ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ካማረን ግን ስልካችንን አውጥተን ጠቅ ማድረግ ነው። አለቀ። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይባል የለ? የሥዕል ባለቤት ደግሞ አጥር እንኳ የለውም። በተለይ ከሞተ።

በጅቡቲ መንገድ ከተመላለሳችሁ ሚሌ ላይ ያቺን የተሣለች ግመል ሳታዩዋት አልቀራችሁም። ጨው ተጭና፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ልጓም ጎርሳ የምትሄደውን። አዎ፣ ልጓም። ግመል በገመድ ትሳባለች እንጂ እንደ በቅሎ ልጓም እንደማትጎርስ አፋር ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ሠዓሊው ሟቹ ጋሽ ሰይድ ግን በቅሎ ሲያዩ አድገው ከወሎ የወረዱ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ቁርስ ቤት ሲከፍቱ ግድግዳው ላይ የሣሉላቸው ግመል ያገራቸውን ልጓም ጎርሳ ቀረች። ሾፌሩ ሁሉ ሳቀ። የሳቀም ገብቶ ፉል አዘዘ።

ከዚያ ወዲህ ያልገለበጣት የለም። ዲቾቶ ጎሚስታ ቤት አለች፣ ሰመራ ጭማቂ ቤት አለች፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ አለች። ማንም ማንንም አላስፈቀደም። ግመል ሰርቆ አጎንብሶ አይኬድም ነውና እነሱም ቀና ብለው ሄዱ። የሚገርመው፣ ከግመል ጋር ያደጉት የአፋር ልጆች እንኳ ሲገለብጧት ልጓሟን አልነኩም።

እኔ ሰመራ ታሪክ አስተምራለሁ። ሙስጠፋ የሚባል ወዳጄ አዲስ ሆቴል ሲሠራ ግመሏን እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ሊያሥላት አማረው። ጠበቃ ዘመዱ ደግሞ ሥዕል ሠዓሊው ከሞተ በኋላም ለብዙ ዓመት የወራሾቹ ነው ብሎ አስፈራራው። ስለዚህ የእትዬ ዘሀራ የቆየሁ ደንበኛ ስለሆንኩ ፈቃድ እንድጠይቅለት ላከኝ። አንዲት ትንሽ ማሻሻያ ብቻ ነበረችው፦ ልጓሟ ይወልቅ። የተከበሩ እንግዶች እንዳይስቁበት።

ሚሌ ስደርስ ግድግዳውን ሙቀትና ጨው በልቶታል፤ የግመሏ የኋላ እግሮች ረግፈዋል። እትዬ ዘሀራ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ፈቀዱ። ልጓሙን ሳነሣ ግን ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«ሰይድ ስሙን አልጻፈባትም» አሉ። «ነፍስ ያለው ነገር መሣል ለአኺራ አይበጅም ሼሆቹ ሲሉት ፈራ። ስሙ ልጓሙ ነው ልጄ። እሱን ካወለቃችሁ ሌላ ግመል ፈልጉ።»

የሚረግፈውን ግድግዳ አየሁት። እሱ ሲያልቅ ጋሽ ሰይድ የት ይቀራሉ?

ሙስጠፋ ተነጫነጨ። ፈቃድ የጠየቀ ሰው መልሱንም መስማት አለበት አልኩት። ሁለተኛ ማንንም እንደማይጠይቅ ዛተ፤ ግመሏ ግን ከነልጓሟ ተሣለች።

ሆቴሉ የተመረቀ ዕለት አንድ አፋር ሽማግሌ ሥዕሉ ፊት ቆሙና በበትራቸው ተደግፈው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሙስጠፋ ላብ አጠመቀው። ሽማግሌው እንባቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው «የሰይድ ናት አይደል? አላህ ይርሐመው» አሉ።

በማግስቱ የምሥራቹን ይዤ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሚሌ ገባሁ። ረስቼው ነው እንጂ አፋር ውስጥ ዳጉ የሚሉት ነገር አለ፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ከተገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይነጋገሩ አይለያዩም። ወሬው ሚኒባሴን ቀድሟታል። እትዬ ዘሀራ የሽማግሌውን በትር፣ የሽርጣቸውን ጫፍ፣ የሙስጠፋን ላብ ሳይቀር ተረኩልኝ። እኔ የቀረኝ ፉሌን መብላት ነበር።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ሽማግሌው የሳቁት ቆይተው ነው ወይስ ገና እንዳዩዋት?»

«ገና እንዳዩዋት» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ዘሀራ። «እንግዲያው የሆቴሉ ሠዓሊ ደህና አድርጎ ገልብጧታል።»